የማኅበራዊ ግንኙነትና የሥነ ወሲብ ትምህርት በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች፦ የወላጅ ተሳትፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

በእንግሊዝ አገር ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማኅበራዊ ግንኙነት ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማኅበራዊ ግንኙነትና የሥነ ወሲብ ትምህርት በሕግ ግዴታ ሆኖ ይሰጣል። በመንግሥት በጀት በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች የጤና ትምህርትም እንዲሁ ግዴታ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ስለዚህ ትምህርት የጽሑፍ ፖሊሲ እንዲኖራቸው፣ ፖሊሲውን ሲያወጡና ሲያሻሽሉ ወላጆችን እንዲያማክሩ፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ነገርም ለወላጅ እንዲያሳዩ ይጠበቃል። ዓመታቱ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በፈረንጆች አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

በእንግሊዝ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ዪር 6 ደርሷል፣ የሜይ ወር ፈተና አልፏል፣ ትምህርቱ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጀመር የሚገልጽ ደብዳቤ በቦርሳው ወይም በስልክ መተግበሪያ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁን ከዚህ ትምህርት ማስቀረት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ሕጉ ለወላጅ ሰፊ ቦታ የሰጠው ግን ከዚያ ደብዳቤ በፊት ባሉት ወራት ነው። ልጅን ማስቀረት ከመብቶቹ ሁሉ ጠባቡና ጥቂት ነገር ብቻ የሚነካው ነው፤ ስለዚህም እዚህ ወደ መጨረሻ ተቀምጧል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው እንግሊዝን ብቻ ነው። በዌልስ ትምህርቱ ከ2022 ጀምሮ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የገባ ሲሆን ወላጅ ልጁን የማስቀረት መብት የለውም። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ከካርዲፍ ወይም ከግላስጎው ዘመድ የሚሰማ ምክር ለበርሚንግሃምና ለለንደን ላይሠራ ይችላል።

1. ትምህርቶቹን ለይቶ ማወቅ

በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ይህን ሳይለዩ ትምህርት ቤት መሄድ ውይይቱን ከመነሻው ያበላሸዋል፤ ወላጅ ስለ አንዱ ሲያወራ መምህሩ ስለ ሌላው ይመልሳል።

የማኅበራዊ ግንኙነት ትምህርት ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ መከባበር፣ ተማሪ ተማሪን ስለማስፈራራቱና ስለማዋረዱ፣ በኢንተርኔት ከማያውቁት ሰው ጋር ስለመነጋገር፣ ተገቢ ስለሆነና ስላልሆነ የአካል ንክኪ ነው። ከአንደኛ ደረጃ ይጀምራል፤ ማንም ወላጅ ልጁን ከዚህ ማስቀረት አይችልም። በዚሁ ክፍል ስለ ልዩ ልዩ ቤተሰቦች ይነገራል፦ እናት ብቻዋን የምታሳድገው ልጅ፣ ከአያት ጋር የሚኖር ልጅ፣ በማደጎ ያለ ልጅ፣ ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያለው ልጅ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን የሚያሳስባቸው ይህ የመጨረሻው ነው። በሕጉ አቀማመጥ ግን ይህ የቤተሰብ እንጂ የወሲብ ትምህርት አይደለም፤ ስለዚህ የማስቀረት ጥያቄ አይቀርብበትም። ስለ ጉዳዩ ቤተሰቡ ያለውን እምነት ለልጁ የሚያስረዳበት ቦታ ቤት ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ቢያንስ የማይሆን ደብዳቤ ከመጻፍ ያድናል።

የጤና ትምህርት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አእምሮ ጤና፣ ደግሞም ስለ ጉርምስናና ስለ ወር አበባ ያስተምራል። ከዚህም ማስቀረት አይቻልም። ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የወር አበባ ትምህርት የሥነ ወሲብ ትምህርት ይመስላቸዋል።

የሳይንስ ትምህርትም የራሱ ድርሻ አለው። በዪር 5 የሰው ልጅ ከልደት እስከ እርጅና የሚያልፍባቸው ለውጦች፣ የአንዳንድ ዕፀዋትና እንስሳት መራባትም ይነሳሉ። ከዪር 7 በኋላ የወንድና የሴት የመራቢያ አካላት፣ ፅንስና ወሊድ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ይሰጣሉ። የሳይንስ ትምህርት ለሁሉም ግዴታ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀረው ነው የሥነ ወሲብ ትምህርት። በአንደኛ ደረጃ ግዴታ አይደለም፤ መንግሥት ግን በዪር 5 ወይም በዪር 6 እንዲሰጥ ይመክራል፤ ይዘቱም በአብዛኛው ልጅ እንዴት እንደሚፀነስና እንደሚወለድ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የወሊድ መከላከያ፣ በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ በሽታዎች፣ እርግዝና፣ በወሲብ ጉዳይ ፈቃደኝነት ማለት ምን እንደሆነ ይጨመራሉ። የማስቀረት መብት ያለው በዚህ ክፍል ላይ ብቻ ነው።

በዪር 8 ለወንዶችም ለሴቶችም የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የፈቃድ ቅጹ የሚመጣው በጤና አገልግሎቱ በኩል ስለሆነ፣ ልጁ ትምህርቱን ወሰደም አልወሰደም ቅጹ ለብቻው ተነቦ ይመለሳል።

2. የትምህርት ቤቱን ፖሊሲ አግኝቶ ማንበብ

ፖሊሲው በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መገኘት አለበት፤ በወረቀት የጠየቀም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። በድረ ገጹ ላይ ፖሊሲዎች በተዘረዘሩበት ቦታ አር ኤስ ኢ ወይም አር ኤስ ኤች ኢ በሚሉት ምሕፃረ ቃላት ይፈለጋል። ካልተገኘ ለቢሮው ፀሐፊ አጭር ኢሜይል ይበቃል።

ሰነዱ ረጅም ሊሆን ስለሚችል ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚታየው በየዓመቱ ምን እንደሚሰጥ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ የሥነ ወሲብ ትምህርት የሚለው የትኛውን እንደሆነ የሚገልጸው አንቀጽ ይፈለጋል፤ በተለይ በአንደኛ ደረጃ ከጤናና ከሳይንስ የተለየው የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ከዚያ የሚያስተምረው የክፍሉ መምህር ነው ወይስ ከውጭ የሚጋበዝ ሰው፣ ወንዶችና ሴቶች አብረው ይማራሉ ወይስ ተለያይተው የሚለው ይታያል። በመጨረሻም ፖሊሲው የሚከለስበት ቀን። ለተሳትፎ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ቀን ነው፤ ከታች በቁጥር 3 የተቀመጠው ምክክር የሚንጠለጠለው በእርሱ ነው።

እንግሊዝኛው ለከበደው ወላጅ ጉግል ትራንስሌት ሐሳቡን ለመያዝ ያህል ይረዳል። ስለ አካል ክፍሎችና ስለ ሕግ በሚናገሩ ቦታዎች ላይ ግን ትርጉሙን ማመን አይገባም፤ እነዚያን አንቀጾች ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ቢያያቸው ይሻላል።

ልጁ በካቶሊክ ወይም በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን በሃይማኖቱ አስተምህሮ መሠረት ማስተማር ይችላል። ይህ ማለት ግን የአገሩን ሕግ ከማስተማር ይቀራል ማለት አይደለም። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ስለሆነ ምንም አይነገርም ብሎ ፖሊሲውን ሳያነቡ መቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው።

3. በምክክሩ ላይ ድምፅ ማሰማት

ትምህርት ቤት ፖሊሲውን ሲያዘጋጅም ሆነ ሲከልስ ወላጆችን ማማከር አለበት። ምክክሩ የመስመር ላይ መጠይቅ፣ የማታ ስብሰባ ወይም አስተያየት የሚጠይቅ ኢሜይል ሊሆን ይችላል። መንግሥት በጁላይ 2025 ያወጣው አዲስ መመሪያ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ስለተወሰነ ትምህርት ቤቶች ፖሊሲያቸውን እንደገና ማየት አለባቸው። ለወላጅ ይህ የተመቸ ጊዜ ነው።

ማማከር ማለት ግን ማስፈቀድ አይደለም። ወላጅ አንድ ርዕስ ከሥርዓተ ትምህርቱ እንዲሰረዝ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ውሳኔው የትምህርት ቤቱ ነው። ይህን የሰማ ብዙ ወላጅ እንግዲያ ምን ይጠቅማል ብሎ መጠይቁን ይተወዋል። የሚጠቅመው ይዘቱ ከተወሰነ በኋላም ብዙ ነገር ክፍት ስለሆነ ነው፤ መቼ፣ በማን፣ በምን ምስል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ላይ ወይስ ለየብቻ የሚሉት ሁሉ። ትምህርት ቤቱም የተማሪዎቹን ዕድሜና የሃይማኖት ሁኔታ ግምት ውስጥ እንዲያስገባ ይጠበቅበታል፤ የተማሪዎቹን ሁኔታ የሚያውቀው ደግሞ ወላጅ ሲነግረው ነው።

ክብደት ያለው አስተያየት ዓመቱን፣ ትምህርቱንና ምክንያቱን ይጠቅሳል። «ይህ ትምህርት ለባህላችን አይሆንም» የሚል መልስ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ተደምሮ በአንድ መስመር ይጠቃለላል። «በዪር 6 ስለ ወር አበባ የሚሰጠው ትምህርት በዪር 5 ቢጀመር፤ አንዳንድ ልጆች በዘጠኝና በአሥር ዓመታቸው ስለሚያዩ ከትምህርቱ በፊት ይደነግጣሉ» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። «ሴቶችና ወንዶች መጀመሪያ ለየብቻ ተምረው ጥያቄ የሚመልሱበት ክፍለ ጊዜ የጋራ ቢሆን» የሚለውም እንዲሁ። የሚቃወሙትን ብቻ ሳይሆን የሚደግፉትንም መጻፍ ተገቢ ነው። ብዙ እናቶች ስለ ተገቢ ያልሆነ ንክኪና ስለ ኢንተርኔት አደጋ የሚሰጠውን ትምህርት ከልብ ይወዱታል፤ መጠይቁ ላይ ግን ይህ አይጻፍም።

የስብሰባ ቀንም ራሱ አስተያየት ሊሰጥበት የሚገባ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዞቹ ዘግይቶ፣ ትምህርት ቤቶቹ ከዕረፍት ተመልሰው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ይውላል። የወላጆች ስብሰባ በስቅለት ማታ ሲጠራ የሚቀረው ወላጅ ግድ የለሽ ተደርጎ ይቆጠራል። ረመዳን ላይም ስብሰባው ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ሲያርፍ እንዲሁ ነው። የዓመቱን በዓላት ዝርዝር በሴፕቴምበር ለቢሮው መላክ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ማንም አያደርገውም።

አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸው ወላጆች በአንድ ላይ ቢጽፉ ይበልጥ ይሰማሉ። በየትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ቦርድም በወላጆች ምርጫ የሚገቡ አባላት አሉ። ቦታው ክፍት ሲሆን ትምህርት ቤቱ ስለሚያስታውቅ፣ ከማኅበረሰቡ አንድ ሰው መወዳደሩ ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል።

4. ማስተማሪያውን በዓይን ማየት

ልጆቹ የሚያዩትን ስላይድ፣ ቪዲዮና የሥራ ወረቀት ወላጅ ማየት ይችላል። ማስተማሪያውን ያዘጋጀው የውጭ ድርጅት ቢሆንም ትምህርት ቤቱ «የቅጂ መብት አለበት» ብሎ መከልከል የለበትም፤ ለወላጅ እንዳይታይ የሚከለክል ውል መፈረምም እንደሌለበት የመንግሥት መመሪያ በግልጽ ይናገራል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያው በወላጆች መግቢያ ገጽ ወይም ለዚሁ በተጠራ ስብሰባ ላይ ይታያል፤ ካልታየ ቀጠሮ ይጠየቃል።

በጥያቄው ላይ የልጁ ዓመትና ትምህርቱ የሚሰጥበት ሳምንት ይገለጻል። «ሁሉንም ላኩልኝ» ከማለት «በዚህ ዓመት ለልጄ ክፍል የሚታየውን ቪዲዮ ማየት እፈልጋለሁ» ማለት ቶሎ መልስ ያመጣል። ሲታይም ማስታወሻ መያዝ ጥሩ ነው፤ በቤት ከልጁ ጋር ለሚደረገው ንግግር ያገለግላል።

ይህ ደረጃ የሚዘለለው ብዙውን ጊዜ በዋትሳፕና በቴሌግራም ምክንያት ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ምናልባትም ከሌላ አገር የተወሰደ ምስል «ለአምስት ዓመት ልጆች የሚያሳዩት ይህ ነው» ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር ቡድን ይለቀቃል፤ በማግስቱ የሚቆጣ ወላጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይገኛል። መምህሯ ያንን ምስል አይታው አታውቅም። ከዚያ በኋላ ያ ወላጅ እውነተኛ ቅሬታ ይዞ ቢመጣ እንኳ በጥርጣሬ ይታያል። ምስሉን ከማስተላለፍ በፊት የራስን ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ማየት ነገሩን ከሥሩ ይዘጋዋል። በተገላቢጦሹም፣ ማስተማሪያው ለልጁ ዕድሜ የማይመጥን ሆኖ ከተገኘ የስላይዱ ቁጥር ተጠቅሶ የሚቀርብ አስተያየት ሊናቅ አይችልም።

5. ከመምህሩ ጋር መነጋገር

የዓመቱ የወላጆች ምሽት ለዚህ አይመችም። ለአንድ ወላጅ የሚሰጠው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ እርሱም በሒሳብና በንባብ ያልቃል። የተለየ ቀጠሮ በኢሜይል ይያዛል።

አስተርጓሚ ካስፈለገ ቀጠሮው ሲያዝ ይጠየቃል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ካልተቻለ ቤተሰቡ የሚያምነው አዋቂ ሰው አብሮ ይሄዳል። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ነገሩን ያጠፋዋል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በእናቷና በመምህሯ መካከል ተቀምጣለች። መምህሯ ስለ ጡት ማደግ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ፅንስ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ታስረዳለች። ልጅቷ ጫማዋን እያየች «ስለ ጤና ነው» ብላ ዝም ትላለች። እናትየው ትስማማለች፣ መምህሯ ደስ ይላታል፣ ሁለቱም ምንም ሳይነጋገሩ ይለያያሉ። ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ማስተርጎሙም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ሌላው እንቅፋት አክብሮት ነው። በአገር ቤት መምህርን ፊት ለፊት አለመከራከር ጨዋነት ስለሆነ ወላጁ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። እንግሊዛዊው መምህር ግን ይህን እንደ ስምምነት ይወስደዋል፤ በማስታወሻውም «ወላጅ ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል። ያልተስማሙበትን ነገር በቀስታና በግልጽ መናገር ነውር አይደለም፤ በአፍ ለከበደው በጽሑፍ ይዞ መሄድ ይቻላል።

የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ቢሆኑ ይመረጣል። ትምህርቱ በየትኛው ቀን ይሰጣል? ልጅ በክፍል ውስጥ የሚያሳፍር ጥያቄ ቢጠይቅ መምህሩ እንዴት ይመልሳል? ብዙ ክፍሎች ውስጥ ልጆች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ የሚጨምሩበት ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ የወጣ ጥያቄ ከልጆቹ ዕድሜ በላይ ከሆነ ምን ይደረጋል? ልጁ ከትምህርቱ በኋላ የሚያነጋግረው ሰው ማን ነው? እናትና አባት ሁለቱም ቢሄዱ መልካም ነው። አባት ለስብሰባ ሄዶ እናት በቤት ለልጅ እንድታስረዳ ከተተወ አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማም።

6. ልጁ በክፍል ከመስማቱ በፊት በቤት መስማቱ

ከደረጃዎቹ ሁሉ የሚከብደውና ትምህርት ቤቱ በወላጅ ፈንታ ሊሠራው የማይችለው ይህ ነው። ትምህርት ቤት መረጃና ሕግ ያስተምራል። ቤተሰቡ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ክብር ምን እንደሚያምን ሊነግረው የሚችል ግን ቤተሰቡ ብቻ ነው። ከወላጁ ምንም ሳይሰማ ክፍል የገባ ልጅ፣ በቤት ዝም የሚባልበት ነገር ሁሉ በቤት የሚጠላ ይመስለዋል፤ ችግር ሲገጥመውም ወደ ቤት አያመጣውም።

የሚያስፈልገው ጊዜ እንጂ ስብሰባ አይደለም። ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ዛሬ ቁም ነገር እንነጋገራለን» ማለት ያስደነግጠዋል። መኪና ውስጥ፣ ዕቃ እያጠቡ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚደረግ ወሬ ለሁለቱም ይቀላል። ንግግሩም አጭር መሆን አለበት፦

— በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሰውነት ለውጥ ትማራላችሁ አሉ። ሰምተሃል?

— አዎ። ሁሉም እየሳቀ ነው።

— እኔም በአንተ ዕድሜ ብሰማ እስቅ ነበር። ያልገባህ ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ፤ አልቆጣም።

ለመጀመሪያ ቀን ይህ ይበቃል። ልጁ በእንግሊዝኛ ከመለሰ በእንግሊዝኛ ይቀጠላል፤ በዚህ ቀን አማርኛ ማስተማር አያስፈልግም። ወላጁ የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ «ነገ እነግርሃለሁ» ማለት ይቻላል፤ በማግስቱ ግን መመለስ ግድ ነው፤ አለዚያ ልጁ ዳግመኛ አይጠይቅም። ጥያቄውን «ማን ነገረህ?» ብሎ በምርመራ መቀበልም ያው ነው።

ሴት ልጅ ስለ ወር አበባ ከማየቷ በፊት ልታውቅ ይገባል፤ በደም ደንግጣ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ውስጥ የምታለቅስ ልጅ ዛሬም አለች። በትንሽ ቦርሳ ሞዴስና ትርፍ የውስጥ ልብስ ተዘጋጅቶ ከደብተሯ ጋር ይቀመጥላታል። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች የወር አበባ መጠበቂያን ለተማሪዎች በነፃ ለማቅረብ ከመንግሥት ማዘዝ ስለሚችሉ፣ ከማን እንደሚጠየቅ ልጅቷ ማወቋ ይጠቅማል። ወንድ ልጅም ስለዚህ ነገር ይነገረው፤ የክፍል ጓደኛውን ከማሾፍ የሚያድነው ይህ ነው። ወንዶችን በተመለከተ አባት ዝም ማለቱ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ያን ክፍተት ደግሞ ስልኩ ይሞላዋል። ብዙ ወንዶች ልጆች ስለ ወሲብ መጀመሪያ የሚያዩት ከወሲብ ፊልም እንጂ ከመምህር አይደለም። አባት ከሌለ አጎት ወይም ልጁ የሚያከብረው የቤተሰብ ወዳጅ ይህን ሊያደርግ ይችላል።

7. ትምህርት ቤቱ ዝም ሊል የማይችልባቸውን ጉዳዮች ማወቅ

በትምህርቱ ውስጥ ልጆች ሕግ ይማራሉ፦ ለግብረ ሥጋ ፈቃድ የመስጫ ዕድሜ 16 መሆኑን፣ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለማጋባት መሞከር ያለ ማስገደድም ቢሆን ወንጀል ነው፤ በመዝገብ ያልተመዘገበ ባህላዊ ወይም ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓትም ይቆጠራል። «ቃል ብቻ ነው የተሰጠው፣ ሠርጉ በኋላ ነው» የሚለው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የሴት ልጅ ግርዛት በእንግሊዝ ሕግ እስከ 14 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ነዋሪ የሆነ ሰው ልጅን ወደ ውጭ አገር ወስዶ ቢያስገርዝም ያው ነው፤ ልጅን ከግርዛት ሳይጠብቅ የቀረ ወላጅም እስከ 7 ዓመት ሊቀጣ ይችላል። የኢትዮጵያ የ2004ቱ የወንጀል ሕግም ድርጊቱን ይከለክላል። ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ደግሞ መምህራን ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ መገረዟን በሥራቸው ላይ ካወቁ በቀጥታ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

ስለዚህ ቤተሰብ በክረምት ዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ሲል መምህር ወይም ሴፍጋርዲንግ ሊድ የሚባለው የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ያናድዳል፤ በተለይ ግርዛትን ራሱ ለሚቃወም ቤተሰብ። በአጭሩ መመለስ ግን ከመቆጣት ይሻላል፦ ማን ጋር እንደሚያርፉ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ስለ ግርዛት ያላቸው አቋም ምን እንደሆነ። ተቆጥቶ መውጣት ወይም መዋሸት ጉዳዩን ወደ ሶሻል ሰርቪስ ሊገፋው ይችላል።

8. ማስቀረትን መወሰን

ከላይ ያሉት ሁሉ ተደርገውም ወላጅ ልጁን ከሥነ ወሲብ ትምህርት ለማስቀረት ከወሰነ ጥያቄው ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ይቀርባል። በጽሑፉ የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ ከየትኛው ክፍለ ጊዜ እንዲቀር እንደሚፈለግ ይገለጻል። ሕጉ «በሙሉ ወይም በከፊል» ስለሚል ከአራት ክፍለ ጊዜ አንዱን ብቻ መርጦ ማስቀረት ይቻላል፤ ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። ብዙ ጊዜ የሚበቃውም እርሱ ነው።

በአንደኛ ደረጃ ርዕሰ መምህሩ ጥያቄውን መቀበል አለበት። በሁለተኛ ደረጃ ከወላጁ ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ ልዩ ሁኔታ ካላጋጠመ በቀር ይቀበላል። ልጁ 16 ዓመት ሊሞላው ሦስት የትምህርት ወቅት ሲቀረው፣ በአብዛኛው 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ማለት ነው፣ ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ ልማር ካለ ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል። በእንግሊዝ የትምህርት ዓመቱ ሦስት ወቅት ስላለው ይህ አንድ ዓመት ያህል ይሆናል።

ከመወሰን በፊት ሁለት ነገር ማሰብ ተገቢ ነው። የቀረው ልጅ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ጓደኞቹ ግን የሰሙትን በዕረፍት ሰዓት አጋንነውና አዛብተው ይነግሩታል። ብቻውን ከክፍል መውጣቱም በጓደኞቹ ፊት ሊከብደው ይችላል። ማስቀረቱ ከተወሰነ ያ ትምህርት በቤት መሰጠት አለበት፤ በስድስተኛው ደረጃ የተጠቀሰው ንግግር ከሌለ ልጁ ከሁለቱም ወገን ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ለዚህም በአራተኛው ደረጃ የተያዘው ማስታወሻ መነሻ ይሆናል፤ ወላጁ ከስላይዶቹ የሚስማማበትን ወስዶ በራሱ ቋንቋና በራሱ እምነት ሊያስረዳው ይችላል።

9. ከትምህርቱ በኋላ፣ ቅሬታ ሲኖርና ትምህርት ቤት ሲለወጥ

ትምህርቱ በተሰጠበት ቀን ማታ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱ «ምንም» ከሆነ በሁለተኛው ቀን እንደገና መሞከር በቂ ነው። ልጁ የተናገረው ነገር ወላጁ ካየው ማስተማሪያ የተለየ ከመሰለ መጀመሪያ የሚጠየቀው የክፍሉ መምህር ነው፤ ልጆች የሰሙትን ከጓደኛ ወሬ ጋር ይቀላቅላሉ። መልሱ ካላረካ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ የቅሬታ ሥርዓት መሠረት ወደ አስተዳደር ቦርዱ ይኬዳል፤ የቦርዱ መንገድ ካለቀ ለትምህርት ሚኒስቴሩ ማመልከት ይቻላል። ቀኑን፣ የተባለውንና የተሰጠውን መልስ በጽሑፍ መያዝ በየደረጃው ይጠቅማል። ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ያነጋግሩ» ተብሎ ይመለሳል።

ልጁ ዪር 7 ሲገባ የአንደኛ ደረጃው ፖሊሲ አብሮት አይሄድም፤ ቀድሞ የቀረበ የማስቀረት ደብዳቤም እንደዚሁ። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱ ፖሊሲ፣ የራሱ ማስተማሪያና የራሱ የምክክር ቀን አለው። ስለዚህ ከላይ በቁጥር 2 ከተገለጸው ፖሊሲውን ከማንበብ እንደገና ይጀመራል፤ ፖሊሲውን ለመጠየቅም የሚመቸው ጊዜ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ወላጆች ከሴፕቴምበር በፊት የሚጠራው ስብሰባ ነው።